እናቴ ዝሆኔ አለባት፤ ልጄስ?

የደጀን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ እግር ማበጥ የጀመረው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ከዚያ መርገጫዋ፣ አሁን ከጉልበቷ ሥር ደርሷል። አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ሲነሳባት ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ይወጣባታል፣ ለቀናት ከአልጋ አትወርድም። የታላቅ እህቴ እጮኝነት የፈረሰው «ዘራቸው ነው» ተብሎ ነው። በቀደም አንድ ሰው «ሳይንቲስቶችም ዘረመሉን አግኝተውታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ሲሮጥ ሳየው ሆዴ ይባባል። አይቀርለትም ማለት ነው? እውነቱን ንገሩኝ።

ነርስ ከሶዶ፦
አይዞሽ እህቴ። ጥናቱ አለ፤ የተሠራውም እዚሁ ወላይታ ነው። እነ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ነው። 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ ልዩነት አገኙ። የዚህ ክፍል ሥራ ባዕድ ነገርን ለሰውነት መከላከያ ሴሎች ማሳየት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የአንዳንዱ ሰው መከላከያ በእነሱ ላይ አብዝቶ ይቆጣል፤ የሊምፍ ቧንቧው፣ ማለትም የሰውነትን ፈሳሽ ከእግር የሚመልሰው መስመር፣ ይጠብባል፤ ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል። ከአፈር የሚመጣው ይህ ዝሆኔ ትል የለበትም፣ ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ስለዚህ ልጅሽ ወርሶ ከሆነ የወረሰው ተጋላጭነቱን ነው። እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ በሽታው አይዘውም። ዛሬውኑ ጫማ ግዢለት፤ በረባሶ ሳይሆን ድፍን ጫማ፣ ከነካልሲው። ማታ ማታ እግሩን በሳሙና እጠቢው። «ዘር ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ይዞ ስንቱን ትዳር አፈረሰ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የአነደድ ልጅ፦
ስለ እናትሽ ልጨምር። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ ሲነሳባቸው፣ ዓመቱን እንዲጠብቁ የተደረጉት 24 ጊዜ ገደማ ተነሳባቸው። አምስት ጊዜ ትንሽ ይመስላል። አባቴ ግን በአጨዳ ሰሞን አንዴ ከተነሳበት ጤፉ ማሳ ላይ ይረግፋል። አሁን በየማታው ይታጠባል፣ በጣቶቹ መሃል በደንብ ያደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ያርፋል። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሽታው ግን ጠፍቷል፣ ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ጀምሯል። ፋሻውን ጤና ጣቢያ ያሳዩዋችሁ፤ አለልክ ከጠበቀ ይጎዳል።

የደጀን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሳፋ አቀረብኩላት። «ተይ፣ ይሸታል» ብላ እግሯን በነጠላዋ ሸፈነች። ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፤ ኋላ ሰጠችኝ። በጣቶቿ መሃል ያለው ቁስል ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። ነርሷ፣ የገበያው ጫማ አንዱም አይገባላትም፤ በእግሯ ልክ የሚሠራ ይገኛል?

ነርስ ከሶዶ፦
አዎ፣ በልክ ይሠራል፤ እኛ ጋ ለሕሙማን እናሠራለን። ለእናንተ የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ ጠይቂ። እስከዚያው ቁስሉ ሳይደርቅ ፋሻ እንዳታስሪባት።