ለድንኳን አዳር የትኛው ሶላር ፓነል ይሻላል? ታጣፊው፣ ባለ መስታወቱ ወይስ ተለማጩ?

መብራት በማይደርስበት ቦታ ድንኳን ተክላችሁ ለምታድሩና የትኛው ሶላር ፓነል እንደሚሻል ለጠየቃችሁ፣ መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። በመኪና ሄዳችሁ ከመኪናው አጠገብ የምታድሩ ከሆነ ከ100 እስከ 120 ዋት የሆነ ታጣፊ ሞኖክሪስታላይን ፓነል (ሴሎቹ ከአንድ ወጥ የሲሊከን ክሪስታል የተሠሩ)፣ ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓነል ወደ ባትሪ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠር ሳጥን) እና ሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግዙ። በእግር የምትጓዙና የምትቆዩትም ሁለት ሦስት ሌሊት ከሆነ ግን ፓነል አትሸከሙ። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ ስልካችሁን ሦስት አራት ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ፓነሉን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ፍጆታውን የሚያሰላው። መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንድ ስልክ ሞልቶ ለመጨረስ 15 ዋት-ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 5 ዋት የሆነ አምፖል አራት ሰዓት ቢበራ 20 ነው። ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ለመሙላት 60 አካባቢ ይፈልጋል። ሁለት ስልክ፣ አንድ አምፖልና አንድ ላፕቶፕ ቢደመሩ በቀን 110 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 100 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከዚህ ሦስት እጥፍ ያመነጫል። የመኪና ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ስትጨምሩ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እሱ ብቻውን በቀን ከ300 እስከ 500 ዋት-ሰዓት ስለሚበላ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከ200 ዋት በታች ባያስብ ይሻለዋል።

ፓነሉ ላይ የታተመው ቁጥር የሚለካው በቤተ ሙከራ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ ሴሉም 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እያለ። እውነተኛ ፀሐይ ላይ የዋለ ፓነል እጅ ያቃጥላል፤ ከ25 በላይ በሚጨመረው በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሴሉ 65 ዲግሪ ሲደርስ 14 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ 75 ሲሰጥ ብታዩ ሻጩን አትውቀሱ። ሻጩን መውቀስ ያለባችሁ ቁጥሩ ከመነሻው ውሸት ሲሆን ነው። ይህንን ለማወቅ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥሩ ሞኖክሪስታላይን ፓነል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ20 እስከ 22 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ 100 ዋት ለማውጣት ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ የሴል ስፋት ያስፈልገዋል። የደብተር ስፋት ይዞ «100 ዋት» የሚል ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓይነቶች። ባለ መስታወቱ በዋት ሲሰላ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ዕድሜውም ከ20 ዓመት በላይ ነው። 100 ዋት የሆነው ግን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ መኪና ጣሪያ ላይ ከታሰረ ደግሞ የመኪናውን ዕጣ ይጋራል፤ መኪናው ጥላ ሥር ከቆመ እሱም ጥላ ሥር ነው። ታጣፊው ዋጋው ከፍ ቢልም እናንተ ዛፍ ሥር አርፋችሁ እሱን ፀሐይ ላይ መዘርጋት፣ ረፋድ ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ ማዞር ትችላላችሁ። ድክመቱ ማጠፊያው ጨርቅና ከጀርባው ያለው የዩኤስቢ ሳጥን ነው። ዝናብ ሲመጣ ሩጡና አንሡት፤ ነፋስ ካለም እግሮቹን በድንጋይ አስደግፉ።

ተለማጩን በተመለከተ ቂም አለብኝ። ቀጭን ነው፣ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል፣ በማጣበቂያ ይለጠፋል ሲሉኝ ወድጄ ገዛሁና የመኪናዬ ጣሪያ ላይ ለጠፍኩት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በሁለተኛው ዓመት ላዩ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጠረ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፤ ስለካውም ከመጀመሪያው ግማሹን እንኳ አይሰጥም። ከሥሩ አየር ስለማያልፍ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ የላዩ ላስቲክም ራሱ ፒኢቲ የሚባለው ርካሽ ፕላስቲክ ነበር። የግድ ተለማጭ ካስፈለጋችሁ ኢቲኤፍኢ በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሸፈነውን ምረጡ፤ ከጣሪያውም ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ጥላ ከምትገምቱት በላይ ጨካኝ ነው። አንድ እኩለ ቀን ላይ የአምፔር ቆጣሪዬ 5 አካባቢ ሲያሳይ ቆይቶ በድንገት ወደ 0.4 ወረደ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሽቦ ነካካሁ፣ ፊውዝ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። በኋላ ዘወር ብዬ ሳይ፣ ከመዳፌ የማይበልጥ የቅርንጫፍ ጥላ ፓነሉ ጥግ ላይ አርፏል። ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲታፈን የሁሉም ፍሰት ይታፈናል። ማለፊያ ዳዮድ (ፍሰቱ የታፈኑትን ሴሎች ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ዕቃ) ቢኖርም፣ የታፈነው ግማሽ ሲዘለል የቀረው ግማሽ ፓነል ቮልቴጅ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት አይበቃም። ፓነሉን አንድ እርምጃ ሳብ አደረግሁት፤ ቆጣሪው ተመለሰ።

ኮንትሮለር ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። «12 ቮልት» የሚባለው ፓነል በተግባር 18 ቮልት ገደማ እና 5.5 አምፔር ነው የሚሰጠው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ቀላሉ ኮንትሮለር ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ስለሚጎትተው 13 ቮልት በ5.5 አምፔር፣ ማለትም 71 ዋት ብቻ ታገኛላችሁ። ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር ለውጦ ወደ 7 አምፔር ያስገባል። ችግሩ በሳጥኑ ላይ «ኤምፒፒቲ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ኤምፒፒቲ አለመሆኑ ነው። እውነተኛው ውስጡ የመዳብ ጥቅልል ስላለው ከበድ ይላል። ባትሪው ጎደል ብሎ ፀሐዩም በርትቶ ሳለ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር ለኩ፤ እኩል ከሆነ ተታላችኋል። ለ50 ዋትና ከዚያ በታች ለሆነ ፓነል ግን ፒደብሊውኤም ይበቃል፤ ልዩነቱ ለዋጋው አይመጥንም።

ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ አድርጉት፤ ረጅሙ ገመድ ከፓነሉ ወደ ኮንትሮለሩ ይሁን። ፓነሉ 10 ሜትር ቢርቅ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ገመድ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው፤ በ1 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ግን ወደ 2 ቮልት ይጠጋል። ብዙ ታጣፊ ፓነሎች ኮንትሮለራቸው ጀርባቸው ላይ ተሰፍቶ ነው የሚመጡት። ያኔ ኮንትሮለሩ የሚያነበው በገመዱ ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ እንጂ የባትሪውን ስላልሆነ፣ ባትሪው ሳይሞላ «ሞልቷል» ብሎ ያስባል። ነቅላችሁ ወደ ባትሪው አምጡት።

ስለ ባትሪ በአጭሩ፦ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፤ ያም 600 ዋት-ሰዓት ነው። በተመሳሳይ መጠን ሊትየም አይረን ፎስፌት 1,280 ይይዛል፤ ሁሉንም ማለት ይቻላል ትጠቀሙበታላችሁ፤ ክብደቱም ከአሲዱ ግማሽ በታች ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን አይሞላም፤ ውርጭ በሚጥልበት ተራራ ካደራችሁ ጠዋት እስኪሞቅ ጠብቁ። ኮንትሮለሩንም ለባትሪው ዓይነት አስተካክሉት፤ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓነሉን አገናኙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አይጥፋ።

ሁሉንም በአንድ ሳጥን የያዘ ፓወር ስቴሽን ከገዛችሁ ሶላር መግቢያው የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት አንብቡ። ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ ሥራ ሳይጀምሩ 44 ቮልት ገደማ ይደርሳሉ፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። መግቢያው 30 ቮልት ብቻ የሚችል ከሆነ በተከታታይ ሳይሆን ጎን ለጎን (በፓራለል) አያይዟቸው።

ስልክን በቀጥታ ከፓነል ዩኤስቢ ላይ መሰካት ደግሞ አልመክርም። ደመና ሲያልፍ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ፀሐዩ ሲመለስም ብዙ ስልኮች በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቀን ፓወር ባንኩን ሙሉ፣ ማታ ስልኩን ከፓወር ባንኩ ሙሉ። ፓወር ባንኩንም ፓነሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ጥላው ውስጥ አስቀምጡት።