ትንሿ የናፍጣ መኪናዬ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጉልበት ያንሳታል

140 የፈረስ ጉልበት የነበራትን ባለ 2.0 ሊትር የናፍጣ ስቴሽን ዋገን ሸጬ፣ ለነዳጅ ቁጠባ ስል 90 የፈረስ ጉልበት ያላትን ባለ 1.6 ሊትር ሃችባክ ገዛሁ፤ በቁጠባዋም እጅግ ረክቻለሁ። ሆኖም ቤተሰብ ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ፣ ጥምዝ ላይ የሞተሩ ዙር ከ2,000 በታች ከወረደ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ብረግጥም ማርሽ ካልቀነስኩ በቀር አትነሳም። የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ አስቀይሬያለሁ፤ በኮምፒውተር ሲታይም የተመዘገበ ብልሽት የለም፤ ጥቁር ጭስም አታወጣም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል እንደሚሳሳ፣ ትንሽ ሞተርም በዝቅተኛ ዙር ይህን ማካካስ እንደሚከብደው እረዳለሁ፤ መካኒኩ ግን ቱርቦው (ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባው መሣሪያ) ይቀየር ይላል። ይህን ከባድ ወጪ ከማውጣቴ በፊት፣ ችግሩ የከፍታው ይሁን የቱርቦው በምን ዓይነት ምርመራ ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?