ድብቁ ስፌት ከውጭ እየታየብኝ ተቸገርኩ

ሰላም ባለሙያዎች፣ እስቲ መላ በሉኝ። የባለቤቴን ጥቁር የሱፍ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ክሩ ከውጭ እንዳይታይ በቤት የስፌት መኪናዬ ድብቅ ስፌት ልሰፋው ፈለግኩ። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ መልሼ ቆልምሜ፣ እጥፋቱን ጨርቁን ከሚጫነው የመኪናው እግር መሪ ብረት ጋር አስጠግቼ እሰፋለሁ። መርፌው ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄድና አንዴ ወደ ግራ ዘሎ እጥፋቱን ይነክሳል። ጣጣው እዚያ ጋ ነው። የስፌቱን ወርድ 3 ላይ ሳደርገው አብዝቶ ይነክስና ሱሪው በውጭ በኩል ጎድጎድ ይላል፤ በካውያ ብተኩሰውም አይጠፋም። 2 ላይ ሳደርገው ደግሞ እጥፋቱን ሳይነካ ያልፋል። መርፌዬ 14 ቁጥር ነው፣ ክሩ ተራ ፖሊስተር። ወደ ቀጭኑ 11 ቁጥር ልቀይር ወይስ የላይኛውን ክር ላላ ላድርገው? በእጅ ስፊው እንዳትሉኝ ብቻ፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሱሪ አለ።