እማዬ ያለ መነጽር ዳዊት መድገም ጀመረች፤ ዓይኗ ተሽሏት ነው?

ሰብሊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ያለ ማንበቢያ መነጽር ዳዊት ደግማ አታውቅም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን መነጽሩን ትታ፣ መጽሐፉን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ ትደግማለች። መርፌ ላይ ክር እንኳ ራሷ ታስገባለች። ቤተሰቡ እልል ብሏል፤ እሷ ጸበሉ ነው ትላለች። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው እሁድ ከበረንዳው ሆና በር ላይ ስታየኝ ጎረቤት መስያት «እንደምን አደሩ» አለችኝ። ማታ ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኛል ትላለች። ምን ይሆን?

አቡሽ፦
እህቴ፣ አያቴም እንዲሁ ሆነው ነበር። በ75 ዓመታቸው መነጽራቸውን ጥለው ጋዜጣ ሲያነቡ ሰፈሩ ጉድ አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ጋዜጣውም ጠፋባቸው። ሞራ ነበር። ቶሎ አሳይያት።

የመነጽር ሰው፦
ዓይን መመርመርና መነጽር ማዘዝ ሥራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ አያለሁ።

ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያን ነው። ብርሃኑን የሚሰበስበው ሌንሱ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ሥራ የሚሠራው ግን ኮርኒያው ነው። ከዚያ በብሌኗ ቀዳዳ ያልፍና ሌንሱ ጋ ይደርሳል። ሌንስ የሚለው ቃል በላቲን ምስር ማለት ነው፤ ቅርጹም ምስር ነው፣ በመጠን ከፍ ይላል እንጂ። የቀረውን ማስተካከል እሱ ይሠራና ምስሉ ከኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናው ላይ ያርፋል። ተገልብጦ ነው የሚያርፈው፤ የሚያቃናው አእምሮ ነው።

በወጣትነት ሌንሱ ለስላሳ ነው። ቅርብ ስናይ ሆዱን ነፋ ያደርጋል። ዕድሜ ወደ 45 ሲጠጋ ይደርቅና መነፋት ያቅተዋል። ስልኩን ክንዳችን እስኪያልቅ የምናርቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። ሌንሱ ዕድሜ ልክ ማደጉን አያቆምም። እንደ ሽንኩርት ንብርብር ይጨምራል፣ አሮጌው ወደ መሃል ይጠቀጠቃል። መሃሉ ሲጠጥር ብርሃንን ከበፊቱ አብልጦ ያጎብጣል። ምስሉ ሬቲናው ሳይደርስ ፊቱ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ ይደበዝዛል። እናትሽ የማንበቢያ መነጽሩን ዓይናቸው ውስጥ አበቀሉት በይው። ሌንሱ እየደፈረሰ ሲሄድ፣ ሞራ የምንለው ይህንን ነው፣ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የመኪናው መብራት ነገር ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። ስኳራቸውን አስለኪ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛም ሌንሱ ይለወጥና ሩቁ ይደበዝዛል።

ጥሩዬ፦
ሞራውን የሚያሟሟ ጠብታ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱን መሞከር አይሻልም?

የመነጽር ሰው፦
የለም ጥሩዬ። ሞራን በጠብታ ያዳነ እስካሁን የለም። ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። መፍትሔው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ የፕላስቲክ ሌንስ መተካት ነው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይናቸውን እንዳላስቆጣ አይቶ ነበር። ሐሳቡ ከዚያ መጣ።

የጎንደሯ፦
እናቴ አምና ተሠርታለች። ዓይኗን ብቻ ነው ያደነዘዙት፤ ከሐኪሙ ጋር እያወራች አለቀ። እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እንኳ አልጨረስኩም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው ነጠላዋን ነው። «ይሄ እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?» አለች። ለካ በቢጫ መስታወት ነበር ስታይ የኖረችው። ቤት ስትገባ ደግሞ ግድግዳው ቆሽሿል ብላ ጮኸችብን!

ስለ ጸበሉ፦ ማንም ተዉ አላለንም። ግን ዓይኗ እስኪጠግግ ውኃ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ሐኪሙ አጥብቆ ነግሮናል። እኛም ለንስሐ አባቷ ነገርናቸው፤ «ጠጪው፣ ፊትሽ ላይ አይረጭ» አሏት። በእሳቸው ቃል ተስማማች እንጂ በእኔማ አትሰማም።

ሰብሊ፦
ተባረኩ። ትናንት አንድ አንድ ዓይኗን በእጄ ሸፍኜ በሩ ላይ ያለውን የቤት ቁጥር አስነበብኳት። በግራው አነበበችው፤ በቀኙ «የምን ቁጥር?» አለችኝ። ስኳሯን ዛሬ ጠዋት አስለካናት፣ ደህና ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል። ሞራ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሠራሉ?

የመነጽር ሰው፦
አብዛኛውን ጊዜ የባሰው ይቀድማል፣ ሁለተኛው ከሳምንታት በኋላ ይከተላል። የዓይናቸውን ግፊትና ሬቲናውንም ይዩላቸው፤ ሌንሱ ብቻ ላይሆን ይችላል ጥፋቱ። ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚያደርጉላቸው ለጥቂት ሰዓት ይደበዝዝባቸዋል። ብቻቸውን አትላኪያቸው። እስከዚያ ዓይናቸው ቀልቶ ከባድ ሕመም ከመጣ ወይም እይታቸው በድንገት ከጠፋ ግን ማክሰኞን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

ሰብሊ፦
እሺ። ለእማዬ ግን «ጸበሉ አይደለም» የሚላት ማነው?

አቡሽ፦
እኔ የለሁበትም!