ሆየር ሊፍት (ሰው በጨርቅ አንጠልጥሎ የሚያነሳ ማሽን) ብቻዬን እንድሠራ እየተገደድኩ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እህት ወንድሞች፣ በተለይ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ። ቀን ትምህርት ስላለኝ ፓርት ታይም ነው የምሠራው፣ የማታውን ሺፍት፣ በፈረንጅ ሰዓት ከ3 እስከ 11። የጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ሰርተፍኬት አለኝ።

ችግሬ ሊፍቱ ነው። መቆም የማይችሉ አንድ አዛውንት አሉ፤ ኬር ፕላናቸው (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ «ሁለት ሰው» ተብሎ ተጽፏል። ከእራት በኋላ አልጋ ሲገቡ ግን አጋዥ የለም። ቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ) «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ቶሎ ጨርሺ» ትለኛለች። (ጉብዝና መቼም ወገብ አያድንም!) አዛውንቱ የሊፍቱ ጨርቅ ውስጥ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ እጄን ጭምቅ አድርገው ይይዙኛል፤ እግራቸውን ልደግፍ ወይስ ሪሞቱን ልጫን? ቢወድቁ ተጠያቂዋ እኔው ነኝ። እምቢ ብል ደግሞ «ሰው ጥላ ሄደች» እንዳይሉኝ ፈራሁ።

የገጠማችሁ እንዴት ተወጣችሁት? በጽሑፍ ላሳውቅ? ለማን? ኦምቡድስማን (ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች መብት የሚከራከር) ጋ ብደውልስ ስሜ ይወጣ ይሆን?