ለልብ ምርመራ ለሚገባ ሰው ምን ያረጋጋዋል? የሞከርነውን ልጠቁማችሁ

አባቴ አንጂዮግራፊ (ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ፣ ቀለም ለቆ የልብን ደም ሥሮች በራጅ የሚያይ ምርመራ) ሲታዘዝለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። እኔም አብሬው አፈጥጣለሁ። ያገኘሁትን ማረጋጊያ ሁሉ ሞከርንበት።

የስልክ ማረጋጊያ አፖቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። ካልምና ሄድስፔስ አሪፍ ናቸው፤ ግን አብዛኛው ነገራቸው በክፍያ ነው፣ ክፍያው ደግሞ በዶላር። አባቴ ጆሮው ላይ ብሰካለት "ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለኝ?" ብሎ ነቀለው። እንግሊዝኛ ለሚቀናው ኢንሳይት ታይመር ይሻላል፤ ብዙ ነፃ ነገር አለው።

በገና ግን ሌላ ነው። የአሥሩ አውታር እዝዝታ ብቻውን ትንፋሽ ያረጋጋል። ከዩቲዩብ በቀጥታ እንዳታጫውቱ፤ እኛ ጋ መሀል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ጮኸበትና ሽማግሌው ብድግ አለ። ቀድማችሁ ስልክ ላይ ጫኑት። ለሌላው ቁርኣን ወይም መንዙማ ይሆናል። ዋናው ሰውየው የሚወደው ድምፅ መሆኑ ነው።

ጡንቻን ከእግር ጀምሮ ለጥቂት ሰከንድ ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግም አለ። ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያመጣው ዘዴ ነው። ማታ አልጋ ላይ ጥሩ ነው። ምርመራው ላይ ግን አትነቃነቅ ስለሚባል አይሆንም።

እዚያ የሚያገለግለው ትንፋሽ ነው። 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ከቀናት በፊት ጀምሮ መለማመድ ነው፤ ራስ ካዞረ ማቆም። ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ ደግሞ ትንፋሽ መቁጠር ሳይሆን ወዲያው መናገር!

ከሁሉም በላይ የረዳው ግን የአንዲት ነርስ አምስት ደቂቃ ነው። "አባባ፣ ነቅተው ነው የሚቆዩት። የምናደንዝዘው የእጅዎን አንጓ ብቻ ነው። ቀለሙ ሲገባ ሞቅ ሊልዎት ይችላል፣ እንዳይደነግጡ" አለችው። ለካ እሱ ደረቴን ሊከፍቱት ነው ብሎ ነበር! ማንም አላስረዳውም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ። ቱቦው የሚገባው በእጅ አንጓ ነው ወይስ በብሽሽት? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይጾማል? የትኛው መድኃኒት ይቆማል?

ጭንቀቱ ከባሰ ሐኪሙ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ጠይቁ። ጎረቤት ያዋሰችውን የእንቅልፍ ክኒን ግን እንዳትሰጡት።