ከፍጥነት-ጊዜ ግራፍ የመገናኛ ሰዓትን በቀጥታ ማውጣት ይቻላል?

የድሬዳዋ–ሐረር መንገድ ለጥያቄው ሲባል 54 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሚኒባስ ጠዋት 2፡00 ከድሬዳዋ ተነስቶ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ 2፡30 ደንገጎ ይደርሳል፣ 15 ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ በ48 ይቀጥላል። አይሱዙ 2፡20 ከሐረር ተነስቶ በ36 ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል።

በርቀት-ጊዜ ግራፍ ችግር የለም፤ መስመሮቹ 3፡00 ላይ፣ ከድሬዳዋ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይቋረጣሉ። የተሰጠኝ ግን የፍጥነት-ጊዜ ግራፍ ብቻ ነው። እዚያ መስመሮቹ ከ2፡20 እስከ 2፡30 ይደራረባሉ፤ መኪኖቹ ግን 2፡30 ላይ ገና 30 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። መደራረቡ እኩል ፍጥነትን እንጂ እኩል ቦታን አያሳይም፣ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም መስመሮች ስር ያለውን ስፋት (ማለትም መኪኖቹ የተጓዙትን ርቀት) እየደመርኩ 54 የሚሞላበትን ሰዓት ፈለግሁ (ደቂቃውን ለ60 ማካፈል ግድ ነው)፦ 2፡50 ላይ 40፣ 2፡55 ላይ 47፣ 3፡00 ላይ 54። መልሱ ወጣ፣ ግን በሙከራ ነው፤ መገናኛው 2፡57 ከምናምን ሰከንድ ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ አላገኘውም ነበር። እኩልታ ሳልጽፍ፣ በዚያው ግራፍ ላይ በመሳል ብቻ የመገናኛ ሰዓቱን በቀጥታ የማወጣው እንዴት ነው?